በመቀስና በጥቁር ወረቀት ፊልም የሠራች ሴት፦ የሎቴ ራይኒገር የሕይወት ታሪክ



ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል አባባል አለ። ብዙ እናቶቻችን ይህን እየሰሙ አድገዋል። ዛሬም ቢሆን ልጅቷ ውሃ ትቅዳ፣ እንጨት ትልቀም፣ ወንድሟ ግን ይማር የሚል ቤተሰብ አይጠፋም። በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የሕይወት ታሪክ ለዚህ አባባል መልስ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ባለታሪኳ ጀርመናዊቷ የፊልም ባለሙያ ሎቴ ራይኒገር ናት። ሎቴ በመቀስ፣ በጥቁር ወረቀትና በመብራት እየሠራች፣ እስከ ዛሬ ቅጂያቸው ከተገኘው ረጃጅም የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠውን ፊልም ለዓለም አበርክታለች። ከዚህም ሌላ አገሯን ለቃ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አጥታ፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ለብዙ ዓመታት ስትንከራተት ሙያዋን ያልጣለች ሴት ናት። ስለዚህ ታሪኳ ለእኛ ሩቅ አይደለም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቷና ትምህርቷ

ሎቴ ራይኒገር ጁን 2 ቀን 1899 ዛሬ የበርሊን ከተማ ክፍል በሆነችው በሻርሎተንቡርግ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ከወረቀት ላይ የሰው፣ የእንስሳና የዛፍ ቅርጽ ቆርጣ ማውጣት ትወድ ነበር። ንድፍ በእርሳስ ሳታወጣ መቀሱን ብቻ ይዛ ትቆርጥ ስለነበር ያዩዋት ሁሉ ይደነቁ ነበር።

በዚያን ጊዜ የጥላ ቲያትር ልቧን ማረከው። የጥላ ቲያትር በቻይና፣ በኢንዶኔዢያና በቱርክ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። ነጭ ጨርቅ ይወጠራል፤ ከጨርቁ ኋላ መብራት ይበራል፤ በመብራቱና በጨርቁ መካከል የተቆረጡ ቅርጾች ሲንቀሳቀሱ ተመልካቹ ጥላቸውን ያያል። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን በእጃችሁ የወፍ ወይም የውሻ ጥላ ግድግዳ ላይ የሠራችሁ ልጆች ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ሎቴም በቤቷ ትንሽ የጥላ ቲያትር ሠርታ ለቤተሰቧና ለጓደኞቿ ታሳይ ነበር።

ሲኒማ በዚያ ዘመን ገና አዲስ ነገር ነበር፤ ድምፅም አልነበረውም። በ1915 ሎቴ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ገደማ ፓውል ቬገነር የተባለ ታዋቂ ተዋናይና የፊልም አዘጋጅ ያደረገውን ንግግር አዳመጠች። ቬገነር ያስረዳው በካሜራ ብልሃት በተፈጥሮ ዓለም የማይታዩ ነገሮችን ማሳየት እንደሚቻል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ከዚህ ሰው ጋር መሥራት አለብኝ ብላ ቆረጠች። ወላጆቿንም ለምና በማክስ ራይንሃርት የቲያትር ትምህርት ቤት ገባች።

ትምህርት ቤት ስትገባ ማንም አላወቃትም። እርሷ ግን ከመድረኩ ኋላ ቁጭ ብላ የትላልቆቹን ተዋናዮች መልክና አቋም በጥቁር ወረቀት ትቆርጥ ጀመር። ተዋናዮቹ ሥራዋን ወደዱት፤ ቬገነርም አየው። ለፊልሞቹ ጽሑፍ ማስጌጫ የሚሆኑ የጥላ ሥዕሎች እንድትሠራለትም አዘዛት። በ1918 በወጣው የሐመልን ከተማ ዋሽንት ነፊ ታሪክ ላይ በተመሠረተው ፊልሙ ደግሞ አንድ ችግር ገጠመው። አይጦች ዋሽንት ነፊውን እየተከተሉ ከከተማ መውጣት ነበረባቸው፤ ነገር ግን እውነተኞቹ እንስሳት አልታዘዝ አሉ። በመጨረሻም ከእንጨት የተሠሩ አይጦችን በጥቂት በጥቂቱ እያስጠጉ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ በማንሳት የሚሄዱ አስመሰሏቸው። ሎቴ በዚህ ሥራ ተካፍላለች። የሕይወቷን ሙያ የተማረችው እንዲህ ባለ የተግባር ሥራ ነው።

በ1919 በበርሊን በሚገኝ የባህል ጥናት ተቋም ውስጥ የመጀመሪያዋን አጭር የጥላ ፊልም ሠራች። በዚያው ተቋም ካርል ኮኽ ከተባለ ባለሙያ ጋር ተዋወቀች፤ በ1921 ተጋቡ።

ወረቀት እንዴት ይራመዳል?

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሎቴ አንድ ሰው መሥራት ስትፈልግ ጭንቅላቱን፣ ክንዱን፣ እጁን፣ ጭኑንና እግሩን ለየብቻ ከጥቁር ካርቶንና እርሳስ ከሚባለው ለስላሳ ብረት ስስ ቅጠል ላይ ትቆርጣለች። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን በቀጭን ሽቦ ታያይዛቸዋለች። በዚህ ዓይነት የወረቀቱ ሰው እንደ እውነተኛ ሰው ጉልበቱንና ክርኑን ማጠፍ ይችላል።

ቅርጹ በመስታወት ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል። ከመስታወቱ በታች መብራት አለ፤ ከበላዩ ደግሞ ወደ ታች የሚመለከት ካሜራ ተሰቅሏል። ሎቴ የወረቀቱን ሰው እግር በጣም በጥቂቱ ትገፋለች፤ አንድ ፎቶግራፍ ይነሳል። እንደገና ትገፋለች፤ ሌላ ፎቶግራፍ ይነሳል። ፎቶግራፎቹ ተከታትለው በፍጥነት ሲታዩ ሰውየው የሚራመድ ይመስላል። ድምፅ ባለው ፊልም ለአንድ ሰከንድ ትርዒት 24 ፎቶግራፍ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ደቂቃ ደግሞ 1,440 ማለት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ተረት እንደዚህ ላለ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ሎቴና ባልደረቦቿ ከአንድ በላይ መስታወት አንዱን ከሌላው በላይ በመደርደር፣ ቅርብ ያለው ነገር ቅርብ፣ ሩቅ ያለው ተራራ ሩቅ ሆኖ እንዲታይ አድርገዋል። የዋልት ዲዝኒ ድርጅት በአሜሪካ ይህንኑ ሐሳብ የተከተለ ትልቅ መሣሪያ ሠርቶ በፊልም ላይ ያዋለው በ1937 ነው፤ ይኸውም ከእርሷ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

የልዑል አህመድ ፊልም

በ1923 ጀርመን ከባድ የኑሮ ውድነት ላይ ወድቃ ነበር። ዛሬ ዳቦ የሚገዛ ገንዘብ ነገ ምንም የማይገዛበት ጊዜ ነበር። ሉዊስ ሐገን የተባለ አንድ የባንክ ባለቤት ገንዘቡ በእጁ ዋጋ ሲያጣ አይቶ ብዙ ያልተነሳ የፊልም ጥቅል ገዝቶ አስቀመጠ። ከዚያም ሎቴን ጠርቶ በዚህ ጥቅል አንድ ረጅም ፊልም እንድትሠራለት ጠየቃት። በዚያን ጊዜ የአኒሜሽን ፊልም ማለት ተመልካችን ጥቂት ደቂቃ የሚያስቅ አጭር ነገር ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ሰው ቁጭ ብሎ የወረቀት ሰዎችን ያያል ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አልነበረም። ሎቴ ግን እሺ አለች። ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት ነበረች።

ሥራው የተጀመረው በፖትስዳም ከተማ በሐገን ቤት አጠገብ ከመኪና ጋራዥ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። የሥራው መሪ ሎቴ ነበረች። ባሏ ካርል ኮኽ በካሜራው ላይ ይሠራ ነበር። ቫልተር ሩትማን እሳትና አስማት የሚታይባቸውን ክፍሎች፣ በርቶልድ ባርቶሽ ደግሞ የባሕሩን ማዕበል ሠሩ። ቮልፍጋንግ ዜለር ሙዚቃውን ደረሰ። እነዚህ ወንዶች ሁሉ በየሙያቸው የተካኑ ነበሩ፤ ይሁንና አንዲት ወጣት ሴት የምትመራውን ሥራ ለመሥራት አላፈሩም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ለሦስት ዓመት ያህል ተባብረው ሥራውን ከፍጻሜ አደረሱት።

ፊልሙ «የልዑል አህመድ ጀብዱዎች» ይባላል። ታሪኩ የተወሰደው ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ነው። በውስጡ የሚበር ፈረስ፣ ክፉ ጠንቋይ፣ ፔሪ ባኑ የተባለች ቆንጆ፣ አላዲንና ተአምረኛው መብራት ይገኛሉ። የሲኒማ ነጋዴዎች ፊልሙን ለማሳየት ስላልደፈሩ ሠሪዎቹ ራሳቸው አዳራሽ ይዘው ሜይ 2 ቀን 1926 በበርሊን ፎልክስቢውነ በተባለው ቲያትር ቤት አሳዩት። በዚያው ዓመት በፓሪስ ታየ፤ ታላቅ አድናቆትም አተረፈ። እዚያም ዣን ሬኑዋር ከተባለው የፈረንሳይ ፊልም አዘጋጅ ጋር የዕድሜ ልክ ወዳጅነት መሠረቱ።

ብዙ ሰው የመጀመሪያው ረጅም የአኒሜሽን ፊልም የዲዝኒ «ስኖው ዋይትና ሰባቱ ድንኮች» ነው ብሎ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። የዲዝኒ ፊልም የወጣው በ1937 ሲሆን፣ የሎቴ ፊልም በ11 ዓመት ይቀድመዋል። ከእርሷም በፊት በ1917 በአርጀንቲና አንድ ረጅም የካርቱን ፊልም ተሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ቅጂው ጠፍቶ ቀርቷል። ስለዚህ ዛሬ ልናየው ከምንችለው ሁሉ ቀዳሚው የሎቴ ፊልም ነው።

ያለ ቋሚ ፈቃድ የኖረችባቸው ዓመታት

በ1933 ሂትለርና የናዚ ፓርቲው በጀርመን ሥልጣን ያዙ። ሎቴና ባሏ ከናዚ ጋር የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙ አይሁዳውያን ወዳጆችም ነበሯቸው። በዚያ ሥርዓት ሥር መኖር ስላልፈለጉ አገራቸውን ለቀው ለመሄድ ወሰኑ። ይሁን እንጂ መሄድ ቀላል አልነበረም። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጣቸው አገር ጠፋ። ስለዚህ የተፈቀደላቸው ቪዛ እስኪያልቅ በአንዱ አገር ይቆያሉ፤ ሲያልቅ ደግሞ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣልያን እንዲህ ሲመላለሱ ዓመታት አለፉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሎቴ በዚህ ሁሉ መንከራተት ውስጥ ፊልም መሥራቷን አላቆመችም። ትልቅ ስቱዲዮ አልነበራትም፤ ነገር ግን መቀስ በየትም አገር ይገኛል። ጥቁር ወረቀትም እንደዚሁ። መብራትና አንድ መስታወት ካገኘች ሥራዋን ትጀምራለች። በለንደን ለእንግሊዝ ፖስታ ቤት የፊልም ክፍል ሠርታለች፤ በፓሪስ ደግሞ ሬኑዋር በ1938 ባወጣው «ላ ማርሴዬዝ» በተባለ ፊልም ውስጥ የሚታየውን የጥላ ቲያትር አዘጋጅታለች። ቤትና ንብረት ድንበር ላይ ይቀራል፤ የእጅ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሻገራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባልና ሚስቱ በጣልያን ነበሩ፤ እስከ 1944 ድረስም እዚያ ቆዩ። በዚያ ዓመት የሎቴ እናት በበርሊን ታመው ስለነበር ልጃቸው ልታስታምማቸው ተመለሰች። በተመለሰችም ጊዜ በሸሸችው በዚያው መንግሥት ቁጥጥር ሥር ለመሥራት ተገደደች። ይህ በሕይወቷ ከገጠሟት ፈተናዎች ሁሉ ከባዱ ነበር። የታመመች እናት በጦርነት ውስጥ ያላት ሰው ምን ዓይነት ምርጫ እንደሚገጥመው ከእኛ መካከል ብዙዎች ያውቁታል።

በ1945 በበርሊን በተደረገው ውጊያ የልዑል አህመድ ፊልም ዋናው ቅጂ ጠፋ። የሦስት ዓመት ልፋት በአንድ ጦርነት ሄደ ማለት ነው።

ከስደት በኋላ፦ ሥራ ለቴሌቪዥን

በ1949 ሎቴና ካርል ወደ ለንደን ሄደው እዚያው ኖሩ። በዚያን ጊዜ ሎቴ የ50 ዓመት ሴት ነበረች። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ሥራዬ አለቀ ይላል። እርሷ ግን አዲስ ሥራ ጀመረች፤ ይኸውም ለቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን በእንግሊዝና በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ እየተስፋፋ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ ለልጆች የሚሆን ጥሩ ዝግጅት ግን ገና ጥቂት ነበር።

በዚህ ሥራ ያገዛት ማን እንደሆነ ማወቅ ያስደስታል። ያ የፊልም ጥቅል የገዛው የባንክ ባለቤት ልጅ ነው፤ እርሱም እንደ አባቱ ሉዊስ ሐገን ይባላል። በፖትስዳም ልጅ ሳለ ሎቴ ጋራዡ ላይ ስትሠራ ያያት ነበር። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ስለነበር በወጣትነቱ በናዚዎች ታስሯል፤ ከተፈታ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሰዶ በጦርነቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተዋግቷል። እነዚህ ሁለት ስደተኞች በ1953 ፕሪምሮዝ የተባለ የፊልም ድርጅት አቋቁመው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ12 በላይ አጫጭር የተረት ፊልሞችን አወጡ። ሲንደሬላ፣ አላዲን፣ ሐንሰልና ግሬትልን የመሳሰሉት ተረቶች በጥላ ፊልም ሆነው በእንግሊዝና በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታዩ። ከእነዚህም መካከል ስለ አንድ ጎበዝ ልብስ ሰፊ የሚተርከው በ1955 በጣልያን በቬኒስ ከተማ የብር ዶልፊን ሽልማት አግኝቷል።

በ1963 ባሏ ካርል ኮኽ ሞተ። ከ40 ዓመት በላይ የኑሮና የሥራ ጓደኛዋ የነበረውን ሰው በማጣቷ ሎቴ ለብዙ ጊዜ ፊልም መሥራት አቆመች። በ1970 ግን ስለ ጥላ ቲያትርና ስለ ጥላ ፊልም መጽሐፍ አሳትማ እውቀቷን ለሌላው አስተላለፈች። ከዚያም ወደ ካናዳ ተጋብዛ በ1975 አንድ ፊልም፣ በ1979 ደግሞ ሌላ ፊልም ሠራች። በ80 ዓመቷም መቀሱ ከእጇ አልወደቀም። የትውልድ አገሯ ጀርመን በ1972 የወርቅ የፊልም ሽልማት፣ በ1979 ደግሞ ከፍተኛ የክብር ኒሻን ሰጥታታለች። ጁን 19 ቀን 1981 በ82 ዓመቷ በጀርመን በዴተንሐውዘን መንደር አረፈች። በዕድሜዋ ከ40 በላይ ፊልሞችን ሠርታለች።

ጠፋ የተባለው የልዑል አህመድ ፊልምም ጨርሶ አልጠፋም። በለንደን ተጠብቆ ከተገኘ አሮጌ ቅጂ ላይ በመነሳት የጀርመንና የጣልያን ባለሙያዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ከነቀለሙ አድሰውታል። ዛሬ በብዙ አገሮች ይታያል።

ከታሪኳ ምን እንማራለን?

አንደኛ፦ ሎቴ የፊልም ሙያን የተማረችው ወላጆቿ ስለፈቀዱላት ነው። በ1910ዎቹ ሴት ልጅ ወደ ቲያትር ትምህርት ቤት ትሂድ ማለት ለብዙ ወላጅ የሚያሳፍር ነገር ነበር። እነርሱ ግን የልጃቸውን ዝንባሌ አይተው መንገድ ከፈቱላት። ያን ቀን እምቢ ብለው ቢሆን ኖሮ ዓለም ይህን ሁሉ ባጣ ነበር። ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ሥዕል ስትሥል፣ ወይም ለታናናሾቿ ተረት ስታወራ ብታዩ ጊዜዋን አባከነች አትበሉ። ጠይቋት፤ አበረታቷት።

ሁለተኛ፦ የሰው ስም በሥራው ልክ ሳይነገር ሊቀር ይችላል። ሎቴ ሴት ስለነበረች፣ አገር ስላልነበራትና ፊልሟም ስለጠፋ ለብዙ ጊዜ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚገባትን ቦታ አላገኘችም። ስለዚህ የሠራ ሰውን ስም መዝግቦ ማቆየት የሁላችንም ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፦ ታላቅ ሰውም የዘመኑ ልጅ ነው። በልዑል አህመድ ፊልም ውስጥ ያለው ክፉ ጠንቋይ አፍሪካዊ ተብሎ ተጠርቷል። የዚያ ዘመን ብዙ አውሮፓውያን ክፉውን ሰው ከእኛ ወገን አድርገው መሣል አያሳፍራቸውም ነበር። ይህን አይቶ መናደድ ተገቢ ነው፤ ንዴት ብቻውን ግን አይበቃም። መልሱ የራሳችንን ታሪክ ራሳችን መሥራት ነው። ለዚህም ምሳሌ አለን። ኢትዮጵያዊቷ የፊልም ባለሙያ ሳሌም መኩሪያ በሱዳን በስደት ይኖሩ ስለነበሩ ሴቶች «ስደት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም በ1991 አውጥታለች። ካሜራውን የያዘችው ከእኛው ወገን የሆነች ሴት ስትሆን የሚታየው ሥዕል ይለወጣል።

ካሜራ በካምፕ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ እናውቃለን። ነገር ግን የሎቴ ሥራ ከካሜራ በፊት በወረቀትና በመብራት መጀመሩን አትርሱ። የብስኩት ካርቶን፣ አሮጌ ነጠላ፣ አንድ ፋኖስና አያቶቻችሁ የነገሯችሁ ተረት ካለ የጥላ ቲያትር መሥራት ይቻላል። እሳቱ ከጨርቁ እንዲርቅ አንድ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን።

ተማሪዎች ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው፦

1. ሎቴ ከአገር አገር ስትንከራተት ሥራዋን ለመቀጠል ያስቻላት ምንድን ነው?

2. የልዑል አህመድን ፊልም ሲሠሩ ወንዶቹ ባለሙያዎች በአንዲት ወጣት ሴት መመራታቸው ሥራውን ጐዳው ወይስ ጠቀመው? ለምን?

3. ከቤተሰባችሁ ተረቶች አንዱን መርጣችሁ በጥላ ቲያትር ብታሳዩት የትኛውን ትመርጣላችሁ? የታሪኩ ጀግና ሴት ብትሆንስ ምን ይለወጣል?